የግራ ትከሻዬ ጠመንጃ

እኔ ቀኝ የተማርኩ ግራኝ ነኝ። ይህን ስናገር ሰው ቶሎ አይገባውም። አንድ ጠመንጃ ሻጭ እንዲገባው ለማድረግ ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛልና እናንተን እንዳላደክም ከሥሩ ላስረዳ። እግዜር ሲፈጥረኝ የሰጠኝ ግራ እጅ ነው። ቀጥሎ ሰው መጣና እርማት አደረገበት። እናቴ ማንኪያውን ከግራዬ እየነጠቀች ለቀኜ አስረከበች። አስተማሪዬ ግራ መዳፌን በማስመሪያ እያሞቁ እርሳሱን ወደ ቀኝ አሻገሩት። አንድ ጎረቤታችን ደግሞ "ልጅሽ በግራው ጨበጠኝ" ብለው ቤታችን ድረስ ለክስ መጡ። ሰባት ዓመት ሲሞላኝ ቀኜ የተማረ፣ የታረመ፣ ጨዋ እጅ ሆነ፤ ግራዬ ሥራ ፈትቶ ኪሴ ውስጥ ተቀመጠ።

ነገር ግን ማንም ያላስተማረኝን ሁሉ ዛሬም በግራዬ ነው የማደርገው። ድንጋይ ስወረውር፣ ምስማር ስመታ፣ የጠበቀ ክዳን ስከፍት፣ ዝንብ ሳባርር ግራዬ ከኪሴ ዘሎ ይወጣል። ጠመንጃ መተኮስ ደግሞ ማንም አላስተማረኝም ነበር።

"አንተን ከጠመንጃ ጋር ምን አገናኘህ?" ትሉኝ ይሆናል። ያገናኘችኝ ባለቤቴ ጽጌ ናት። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ ላስ ቬጋስ ውስጥ አንድ ካዚኖ በር ላይ ቫሌ ነበርኩ፤ የእንግዳ መኪና ተቀብዬ ፓርክ አደርጋለሁ፣ ሲወጣም መልሼ አቀርባለሁ። ታዲያ ከሺፍት መልስ ከቁማር ማሽኖቹ ጋር መጠነኛ ወዳጅነት ጀምሬ ኖሮ፣ ጽጌ ደረሰችበትና "ወይ ሌላ መዝናኛ ፈልግ፣ ወይ ሌላ ቤት ፈልግ" አለችኝ። በዚህ ከተማ ከቁማር ሌላ መዝናኛ መፈለግ ቀላል አይምሰላችሁ፤ እንኳን ካዚኖው፣ ወተት የምንገዛበት ሱቅ በር ላይ እንኳ ማሽን ተገትሮ በመብራቱ ይጠቅስሃል። የሥራ ባልደረቦቼ አዘኑልኝና በኦፍ ቀናችን ከቦልደር ሲቲ ወዲህ በረሃው መሃል ወዳለ የኢላማ ተኩስ ክበብ ይዘውኝ ሄዱ።

ያዋሱኝ ጠመንጃ በራሱ የሚያቀባብል ነው። ተቀመጥ አሉኝ፣ ተቀመጥኩ። ደግን አሉኝ፣ ሳላስበው በግራ ትከሻዬ ደገንኩ። ማንም ልብ ያላለው ነገር ጠመንጃው የተሠራው ለቀኝ ሰው መሆኑን ነው። ጥይቱ ወደ ፊት ሲሄድ ባዶው ቀለህ ወደ ቀኝ ይወረወራል። ቀኝ ሰው ቢሆን ከጎኑ ይወድቅለታል፤ እኔ ግን ፊቴን ሄጄ መንገዱ ላይ አስቀምጬለታለሁ። የመጀመሪያው ቀለህ በአፍንጫዬ ሥር አለፈ። ሁለተኛው ግንባሬን ቆንጥጦኝ ሄደ። ሦስተኛው በሸሚዜ አንገት ገብቶ ደረቴ ላይ አረፈ። ለካ የጥይት ቀለህ ትኩስ ነው! ጠመንጃውን ጠረጴዛው ላይ በሥርዓት ማስቀመጤን ልብ በሉልኝ፤ ሞኝ ነኝ እንጂ አደገኛ አይደለሁም። ከዚያ በኋላ ግን ተነሥቼ፣ ትከሻዬንና ደረቴን እያንቀጠቀጥኩ፣ ሸሚዜን እያራገብኩ፣ በማንኛውም ሰርግ ላይ የማያሳፍር ጭፈራ ጨፈርኩ። ፈረንጆቹ የአገሬ ባህል መስሏቸው አጨበጨቡ።

ኢላማውን ሊያመጡ የሄዱት ግን ወረቀቱን ከፍ አድርገው ይዘው ተመለሱ። ሦስቱም ቀዳዳ አንድ ላይ፣ በአንድ የሲኒ አፍ የሚሸፈን ቦታ ነው የገባው። "አንተ የግራኝ ጠመንጃ ነው የሚያስፈልግህ" አሉኝ።

"ለግራኝ የሚሠራ ጠመንጃ አለ እንዴ?" አልኩ።

አለ። እውነት ነው የምላችሁ፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ዓለም እንድታረም ስትነግረኝ ኖራ፣ የሆነ ፋብሪካ ውስጥ አንድ ሰው ተቀምጦ "እነዚያ ግራኞችስ?" ብሎ አስቦልኛል። ደስታዬን ይዤ ወደ ቤት በረርኩ።

ቤት ውስጥ ግን ሻምበል አሉ። ሻምበል የጽጌ አጎት ናቸው፤ አብረውን ይኖራሉ። አገር ቤት ምልምል ወታደር ሲያሠለጥኑ ኖረው፣ ላስ ቬጋስ ከመጡ ወዲህ ኤርፖርት ውስጥ ዊልቸር ይገፋሉ። ሲገፉም እንደ አዛዥ ነው፤ እሳቸው የያዙት መንገደኛ ጀርባውን አቅንቶ፣ ደረቱን ነፍቶ ነው አውሮፕላኑ በር ላይ የሚደርሰው። እኔ በጣም ነው የማከብራቸው። ከዚህ ሁሉ ክብር መሃል ግን አንድ ነገር እንደ አጥንት ጉሮሮዬ ውስጥ ተቀርቅሯል። ልጃችን ሩት አምስት ዓመቷ ነው፤ የኔን እጅ ወርሳለች። ሻምበል ታዲያ ማዕድ ሲቀርብ ከኪሳቸው ነጭ ካልሲ ያወጡና ግራ እጇን ያለብሱታል። ልጅቷ በቀኟ እያንጠባጠበች ትበላለች፤ እኔ "ሽማግሌ ናቸው፣ አጎት ናቸው፣ ሰው ምን ይላል" እያልኩ ከእንጀራው ጋር ቃሌን እውጣለሁ።

የዚያን ዕለት እራት ላይ የግራኝ ጠመንጃ ልገዛ መሆኔን ተናገርኩ። ሻምበል ጉርሻቸውን መልሰው ሳህኑ ላይ አኖሩት።

"በስንት ሺህ ወታደር ትከሻ ላይ ጠመንጃ አስደግፌአለሁ። አንድም በግራው የተኮሰ የለም።"

"ከመሃላቸው ግራኝ አልነበረም ማለት ነው ሻምበል?"

"ነበሩ። አረምኳቸዋ!"

ደሜ ፈላ። "እንግዲያው በታኅሣሥ ክበቡ ውድድር አለው። በግራዬ ተኩሼ አሸንፋለሁ" አልኩ። ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ምላሴም እንደ ግራዬ ያልተማረ ነው።

ሻምበል ቀስ ብለው ሩትን አዩ፣ ካልሲውን አዩ፣ እኔን አዩ። "ካሸነፍክ ካልሲውን በገዛ እጄ አወልቃለሁ፤ ስለ እጇም አንዲት ቃል አይወጣኝም። ከተሸነፍክ ግን እኔ እንዳሻኝ እቀርጻታለሁ፤ አንተም ትንፍሽ አትልም።"

"ኧረ ጋሼ፣ ተዉ፣ በልጅ እጅ ውርርድ ይያዛል?" አለች ጽጌ። "አንተስ ብትሆን፣ ከቁማር ገላገልኩህ ስል!"

ግን ቃል ወጥቷል። ለውድድሩ የቀሩት ሦስት ሳምንታት ናቸው፤ እኔ ጠመንጃ እንኳ የለኝም።

በማግስቱ ወደ ጠመንጃ መሸጫው ስሄድ ሻምበል ኮታቸውን ለብሰው መኪናው ውስጥ ቀድመውኝ ተቀምጠዋል። "ባላንጣህ ብሆንም ዘመድህ ነኝ፤ ጠመንጃ የማያውቅ ሰው ብቻውን ጠመንጃ አይገዛም" አሉ። ሻጩ ጢሙ የነጣ፣ ንግግሩ የረጋ ሽማግሌ ነው፤ ስሙ ዋልት ነው። የግራኝ ጠመንጃ እንደምፈልግ ነገርኩት። እሱ ደግሞ ሰው ሳያረጋግጥ አይሸጥም። መጀመሪያ አንዱን ጠመንጃ አንሥቶ ሰጠኝ። እኔም እንዳደግሁበት ከወገቤ ጎንበስ ብዬ በሁለት እጄ ተቀበልኩ። ዋልት ግራ ገባው። ቅጹን ሰጠኝ፤ በቀኜ ሞላሁለት። ዋልት መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ።

"በየትኛው እጅህ ነው የምትጽፈው?"

"በቀኝ።"

"የምትበላውስ?"

"በቀኝ።"

"ሰው የምትጨብጠው?"

"በቀኝ ነዋ!"

"እንግዲያው ቀኝ ነህ።"

"አይደለሁም፤ ግራኝ ነኝ።"

"ታዲያ በግራህ ምንድን ነው የምታደርገው?"

"ያላስተማሩኝን ሁሉ።"

ዋልት ቅጹን እንደገና አነበበ። ሻምበል ክርክሩ ወዴት እንዳዘመመ ገብቷቸው "አየህ! ሰውዬው ራሱ መሰከረብህ" አሉኝ። እንግሊዝኛቸው በሙሉ ከዊልቸር ሥራ የተገኘ ስለሆነ ወደ ዋልት ዞሩና "ጉድ! ሲት ዳውን! ስሎውሊ!" ብለው አበረታቱት።

ዋልት ግን ብልህ ሰው ነው። "ሁለት እጅህን ወደ ፊት ዘርጋ፤ በጣቶችህ መሃል ትንሽ ቀዳዳ ሥራ። በቀዳዳው ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት እየው" አለኝ። አየሁ። "አሁን ቀኝ ዓይንህን ጨፍን።" ጨፈንኩ፤ ሰዓቱ ቁጭ ብሏል። "አሁን ግራህን።" ግራዬን ስጨፍን ሰዓቱ የለም፤ ባዶ ግድግዳ ነው።

"አለቃው ግራ ዓይንህ ነው። እጅህን ያረሙት ሰዎች ዓይንህን ረስተውታል" አለና ወደ ጓዳ ገባ። አቧራ የጠጣ ረጅም ሣጥን ይዞ ተመለሰ። ከውስጡ ማቀባበያው በስተግራ የተሠራ፣ አንድ በአንድ የሚጎርስ ጠመንጃ ወጣ። በሱቁ ውስጥ ያለን ግራኝ ጠመንጃውና እኔ ብቻ ነን። ሰደፉን ግራ ትከሻዬ ላይ ሳስደግፍ ጉንጬ ቦታውን ራሱ አገኘ፤ ግራ እጄ ማቀባበያውን ሳይፈልግ ጨበጠው። ያን ያህል የሚመቸኝ ነገር በዕድሜዬ ይዤ አላውቅም።

ሻምበል ግን ቀረብ ብለው ማቀባበያውን መረመሩና ፊታቸው ተኮሳተረ። "ይህ የፋብሪካ ስህተት ነው። ተሳስተው በግራ ገጥመውት፣ እሱ እንደ ብርቅ ሊሸጥልህ ነው። ንገረው!"

"አጎቴ ጠመንጃው ውብ ነው ይላሉ" አልኩት ለዋልት። ዋልት ደስ ብሎት የሻምበልን እጅ ጨበጠ። ሻምበልም ሰውዬው ጥፋቱን ያመነ መስሏቸው በይቅርታ ራሳቸውን ነቀነቁለት።

እዚህ ላይ ብንወጣ ኖሮ ይህን ሁሉ የማወራበት ምክንያት አይኖርም ነበር። ነገር ግን ጠመንጃው ላይ የሚገጠመው መነጽር ቀርቷል። እኔ ደግሞ ሻምበል ፊት ዓይኔን አፍጥጬ ጠመንጃ መርጫለሁ። ሽማግሌ አስከትሎ መጥቶ ሁሉን በራስ መምረጥ ነውር አይደለም? "መነጽሩን እንግዲህ እርስዎ ይምረጡልኝ" አልኩ። ይሉኝታ የገደለው ሰው ቢቆጠር እኔ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ እቀበራለሁ።

ዋልት ትንሽ፣ አጭር መነጽር አወጣ። "ለሃምሳ ያርድ አራት እጥፍ የሚያቀርብ ይበቃሃል" አለ። ሻምበል ሳቁ። "አራት? የኔ ባዶ ዓይን አራት ነው!" ብለው ከመደርደሪያው መስታወት ሥር ክንድ የሚያህለውን፣ ሃያ አራት እጥፍ የሚያቀርበውን በጣታቸው አመለከቱ። ዋልት "ይቅርብህ ልጄ" አለኝ፤ መከረኝ፣ ደገመኝ። እኔ አዛውንት ላለማሳፈር ያንን የውሃ ቧንቧ የሚያህል ነገር ተሸክሜ ወጣሁ። ዋልት ልግጠምልህ ሲለኝም ሻምበል "እኛ ምን ሠርተን እንበላለን?" አሉና ቤት ወስደን፣ በወጥ ቤት መብራት፣ በቢላ ጫፍ ብሎኑን አጠበቅነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የተባለው ለዚህ ነው።

ለልምምድ ክበቡ ሄድኩ፤ ሻምበልም ከኋላዬ እጃቸውን አጣምረው ቆሙ። በመነጽሩ ሳይ ኢላማዬ የለም። ያለው አንዲት ዝንብ ናት፤ እግሯን ስታሽ ቁልጭ ብላ ትታየኛለች። ትንሽ ስንቀሳቀስ ዝንቧም፣ ወረቀቱም፣ በረሃውም አብረው ጠፉ። ልቤ በመታ ቁጥር ዓለም በሙሉ ትዘላለች። እንደ ምንም ፈልጌ አንድ ጥቁር ክብ አገኘሁና፣ እንዳያመልጠኝ ትንፋሼን ይዤ አምስት ጥይት አከታተልኩበት። እንዲያ ተረጋግቼ ተኩሼ አላውቅም።

ወረቀቶቹ ሲመጡ የኔ ኢላማ እንደ ተልባ እግር ሸሚዝ ንጹሕ ነው። ከጎኔ ትተኩስ የነበረች ሜሪ የምትባል ጡረተኛ መምህርት ግን የተኮሰችው አምስት ሆኖ የተገኘባት ቀዳዳ ዐሥር ነው። አምስቱ እዚህም እዚያም ተበትነዋል፤ አምስቱ መሃል ላይ ናቸው። ሴትዮዋ ወረቀቱን ደረቷ ላይ አስጠግታ "ተባረክ፣ ለልጆቼ አሳያቸዋለሁ" አለችኝ።  የሻምበል ዝምታ እስከ ቤት ድረስ ሲስቅብኝ ነበር።

ያን ዕለት እራት ላይ ካልሲው ሲወጣ ሩት እጇን ራሷ ዘረጋች፤ ለምዳዋለች። ከዚያ ወደኔ ቀና ብላ፣ በዚያች እንግሊዝኛ በሚጫናት አማርኛዋ "ዳዲ፣ ይሄ እጅ ምን አደረገ?" አለችኝ። ቁጣ የለባትም፤ የእውነት መጠየቋ ነው።  ያቺን ጥያቄ እኔ በእሷ ዕድሜ መጠየቅ እንኳ አልደፈርኩም ነበር። እፍረትም ንዴትም አንድ ላይ ያዘኝ።

ተነሣሁ። "ሻምበል፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የመረጡልኝን መነጽር ነገ እመልሰዋለሁ" አልኩ። በዕድሜዬ ሽማግሌን ፊት ለፊት ስቃወም ያ የመጀመሪያዬ ነው። 

ጽጌ ጭልፋዋን ይዛ ደርቃ ቀረች። ሻምበል ጢማቸውን አሹ። "በራስህ ምርጫ ከወደቅክ የምታሳብብበት ሰው የለህም" አሉ።

"የለኝም" አልኩ።

ዋልት ክንድ የሚያህለውን መነጽር አንዲት ቃል ሳይወቅሰኝ ተቀበለና ትንሹን ገጠመልኝ። ጠመንጃውን በግራዬ አስደግኖ፣ ሙሉው ክብ ጥርት ብሎ እስኪታየኝ መነጽሩን ወደ ፊትና ወደ ኋላ አንሸራተተ፤ ብሎኑን በሚገባው መፍቻ አጠበቀው። ከዚያ በኋላ ከሺፍት በፊት በየማለዳው ክበቡ ነኝ። ኦቨርታይም ሲሰጡኝ እምቢ አልኩ፤ ቫሌ ኦቨርታይም እምቢ ሲል አይተው ስለማያውቁ ታምመሃል ወይ አሉኝ።

የውድድሩ ቀን ደረሰ። በረሃው ታኅሣሥ ላይ ጠዋት ጠዋት ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ሠላሳ የሚሆን ተወዳዳሪ ተሰልፏል፤ ሜሪ "ከሱ ጎን ካልሆነ አልተኩስም" ብላ ዳኛውን ለምና አጠገቤ ተቀምጣለች። ጽጌና ሩት መኪናው አጠገብ በብርድ ልብስ ተጠቅልለዋል። ሻምበል ከኋላዬ ቆመዋል፤ ሳልዞር አውቃለሁ፣ ማስነጠሳቸውን እሰማለሁ።

አምስት ጥይት ነው። የመጀመሪያዋን ተኮስኩ፤ መሃል። ግራዬ ማቀባበያውን ስቦ ቀለሁን ወደ ግራ፣ ከፊቴ ራቅ አድርጎ ጣለው። ሁለተኛዋ ከመጀመሪያዋ ጎን ተቀመጠች። ሦስተኛዋም እንዲሁ። አራተኛዋ ላይ ነፋስ መጣ፤ ችኩል ነኝና ሳልጠብቀው ተኮስኩ፣ ትንሽ ወደ ጎን ሄደች።  እጄን ከጠመንጃው አነሣሁ፤ እጄን አየሁት። በማስመሪያ ሲመታ የኖረው ይኸው እጅ ነው። "አይዞህ" አልኩት፣ በአማርኛ፣ ጮክ ብዬ። ነፋሱ እስኪያልፍ ጠበቅሁና አምስተኛዋን ለቀቅኳት።

ዳኛው የኔንና የአንድ ቁመተ ረጅም ሰውዬ ወረቀት ጎን ለጎን አድርጎ በመለኪያ ሲለካ፣ ሲያጎነብስ፣ እንደገና ሲለካ ቆየ። ከዚያ ስሜን ጠራ። ማለቴ ስሜን የሚመስል ነገር ጠራ፤ ሰባት ፊደል ገድፏል፣ ሁለት ጨምሯል፣ እኔ ግን በዕድሜዬ ስሜ እንደዚያ አምሮ ተጠርቶ አያውቅም! ጽጌ እልልታዋን ለቀቀችው። በረሃው አስተጋባ፤ ሠላሳው ፈረንጅ አንድ ሰው የተጎዳ መስሎት ዞረ።

ሽልማቱ አንድ ሙሉ የአሳማ ጭን ነው፤ በጢስ የደረቀ፣ የሕፃን ልጅ ክብደት ያለው። ይኸውም አሳማ ቀምሶ ለማያውቅ ሰው፣ ያውም በነቢያት ጾም መሃል! ግን ማን ግድ አለው? በግራ ትከሻዬ ተሸክሜው ፎቶ ተነሣሁ፤ ጦር ሜዳ ማርኬ የመጣሁት መድፍ ነበር የመሰለኝ። ከዚያ ለሜሪ አስረከብኳት፤ እሷም ሁለተኛ ባረከችኝ።

 ስንመለስ የከተማው ሕንፃዎች ብቅ ሲሉ ሻምበል ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"አራተኛዋ ወደ ጎን ሄዳለች" አሉ።

"አዎ ሻምበል።"

"ነፋስ ነው። ያንተ ጥፋት አይደለም።"

ወታደሮቻቸውን ብትጠይቁ ከሻምበል አፍ ይህን የሰማ ስንት እንደሆነ ይነግሯችኋል። መሪውን ይዤ ብቻዬን ፈገግ ስል ነበር።

ማታ ማዕድ ቀረበ፤ ሽሮ ነው። ሻምበል ካልሲውን ከኪሳቸው አውጥተው አጣጠፉትና ለጽጌ "እጠቢልኝ፣ ብርድ ነው፣ እግሬ ላይ አደርገዋለሁ" ብለው ሰጧት። ሩት መጀመሪያ ግራ እጇን ከጠረጴዛው በታች ደበቀች። ከዚያ ቀስ ብላ አወጣችው። ከዚያማ ምን ልበላችሁ፣ ሽሮው እስከ ክርኗ ደረሰ፤ አንዲት ፍርፋሪ ግን መሬት አልወደቀችም።

ድንገት ልጅቷ ትልቅ ጉርሻ ጠቀለለች። ተነሥታ ወንበሯ ላይ ቆመችና፣ በዚያው በግራዋ፣ ጉርሻውን ወደ ሻምበል አፍ ዘረጋች።

"ሩት!" አለች ጽጌ፣ እጇን አፏ ላይ ጭና። እኔም ደነገጥኩ። ግራኙ እኔ፣ አሸናፊው እኔ ደነገጥኩ፤ ቀኜ ሊይዛት ተነሥቶ ነበር። በግራ ማጉረስ እኮ በእኛ ዘንድ ሰው ፊት ላይ ከመትፋት ብዙ አይርቅም። ሻምበል ትንሿን እጅ አዩ። ሽሮው እየተንጠባጠበ ነው፤ እጇን ግን አላወረደችም።

ጎንበስ አሉና አፋቸውን ከፈቱ። ጎረሱ። ዓይናቸውን ጨፍነው ቀስ እያሉ አላመጡ፣ ዋጡ። 

"አንድ ጉርሻ ያጣላል" አሉ ሻምበል፣ ጢማቸውን እየጠረጉ። "ድገሚኝ እንጂ ልጄ።"